የክራሩ «ሚ» አልገጥም ሲል

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ክራር የሚማር፣ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ መዘምራን የምትመራና ዋሽንት የሚሠራ ናቸው። ጥያቄያቸው የተለያየ ቢመስልም የአብዛኞቹ ምክንያት አንዲት ትንሽ የድምፅ ርቀት ናት። ምጥጥኗ 81 ለ 80፣ መጠኗም የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በሙዚቃ ትምህርት ሲንቶኒክ ኮማ ትባላለች፤ በጥንቱ ግሪካዊ የሙዚቃ ሊቅ ስም የዲዲሞስ ኮማ የሚሏትም አሉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ክራር እማራለሁ። ትዝታ ሜጀር ስቃኝ ከዶ ሶልን፣ ከሶል ሬን፣ ከሬ ላን፣ ከላ ሚን እያወጣሁ እሄዳለሁ። እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ጥርት ብሎ ይሰማል። በመጨረሻ ዶና ሚን አብሬ ስመታ ግን ድምፁ ይርገበገባል። ሚን ትንሽ ላላ ሳደርገው ዶና ሚ ይስማማሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ላና ሚ ይጣላሉ። ጥፋቱ የክራሩ ነው የጆሮዬ?

መልስ፦ ክራርዎም ጆሮዎም ደህና ናቸው፤ አልገጥም ያለው ቁጥሩ ነው። ንጹህ አምስተኛ የሚባለው የሁለቱ ድምፆች ድግግሞሽ (ክሩ በሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር፤ በሄርዝ ይለካል) 3 ለ 2 ሲሆን ነው። አራተኛ 4 ለ 3፣ ከዶ እስከ ሚ ያለው ሦስተኛ ደግሞ 5 ለ 4 ነው። ሒሳቡ እንዲቀል ዶን 240 ሄርዝ እናድርገው። ሶል 360 ይሆናል። ከሶል በአራተኛ ሲወርዱ ሬ 270፣ ከሬ በአምስተኛ ሲወጡ ላ 405፣ ከላ በአራተኛ ሲወርዱ ሚ 303.75 ላይ ያርፋል። ከዶ ጋር 5 ለ 4 የሚገጥመው ሚ ግን 300 ነው። 303.75 ለ 300 ሲካፈል 1.0125፣ ማለትም 81 ለ 80 ይሆናል። ኦክታቭን (ድግግሞሹ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት) በ1200 ሴንት፣ ግማሽ ድምፅን በ100 ሴንት ብንለካ ልዩነቱ 21.5 ሴንት ነው።

መርገብገቡም ከዚሁ ይመጣል። አንድ ክር ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ ሁለት እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ አብረው ይሰማሉ። የዶ አምስት እጥፍ 1200፣ የ303.75ቱ ሚ አራት እጥፍ 1215 ሄርዝ ነው። ልዩነቱ 15 ስለሆነ ድምፁ በሴኮንድ 15 ጊዜ ይርገበገባል። ሚ 300 ላይ ሲቆም ሁለቱ 1200 ላይ ይገናኙና መርገብገቡ ያቆማል።

ኮማዋን ማጥፋት አይቻልም። ዕዳ ናት፤ አንዱ ወገን ካልከፈላት ሌላው ይከፍላታል። የእርስዎ ምርጫ ከፋዩን መወሰን ብቻ ነው። አሁን በሚቃኙበት መንገድ አራቱም ማያያዣዎች (ዶ–ሶል፣ ሶል–ሬ፣ ሬ–ላ፣ ላ–ሚ) ንጹህ ናቸው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ዶ–ሚ፣ ሚ–ሶልና ላ–ዶ ናቸው። ዜማውን ክር በክር እየደረደሩ ለሚጫወት ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ከፍ ያለው ሚ እንዲያውም ዜማውን ያደምቀዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ክሮቹን አንድ ላይ ለሚገርፍ ግን ሻካራነቱ ይጎላል።

ለገራፊ የምንመክረው ሚንም ላንም በአንድ ኮማ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ዶን ከማስተካከያ (ቱነር) ወይም ከዘፋኙ ድምፅ ይያዙ። ሶልን በንጹህ አምስተኛ፣ ሬን ከሶል በአራተኛ ወርደው ይቃኙ። ከዚያ ላን ትተው ሚን በቀጥታ ከዶ ይቃኙ፤ ላን ደግሞ ከሚ በአራተኛ ወጥተው ያግኙት። የላይኛው ዶ በኦክታቭ ይገባል። ውጤቱ 240፣ 270፣ 300፣ 360፣ 400፣ 480 ይሆናል። አሁን ዶ–ሚ፣ ሚ–ሶል፣ ላ–ዶ፣ ላ–ሚ ሁሉም ንጹህ ናቸው፤ ዕዳው በሙሉ ሬ–ላ ላይ ወድቋል። ሬና ላን ብቻ አብረው ቢመቱ በሴኮንድ 10 ጊዜ ሲርገበገብ ይሰማሉ (የሬ ሦስት እጥፍ 810፣ የላ ሁለት እጥፍ 800)። ዘፈኑ ሬና ላን እያጣመረ የሚያርፍ ከሆነ ሬንም ወደ 266.7 ያውርዱት፤ ያን ጊዜ ሬ–ላ ይድናል፣ ሸክሙ ወደ ሶል–ሬ ይዞራል።

አራቱ ማያያዣዎች እኩል እንዲካፈሉት የሚደረግበት መንገድም አለ። ጣሊያናዊው ፔትሮ አሮን እ.ኤ.አ. በ1523 ለቁልፍ መሣሪያዎች የገለጸው ይህንን ነው። እያንዳንዱ አምስተኛ በ5.4 ሴንት ይጠብባል፣ ሚ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። ድምፆቹ 240፣ 268.3፣ 300፣ 358.9፣ 401.2 ይሆናሉ። ዶ–ሶል በሴኮንድ ከ2 ጊዜ ትንሽ በላይ ብቻ ስለሚርገበገብ በክራር ላይ ድምፁ ከመክሰሙ በፊት ብዙም አይታወቅም። በጆሮ ብቻ ለመቃኘት ግን ከባድ ነው፤ ሴንት የሚያሳይ የስልክ ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ንጹህ ሚን ማግኘት ለብዙ ሰው የሚከብደው የሚርገበገበው ድምፅ ከሚ ሁለት ኦክታቭ በላይ፣ በጣም ስስ ሆኖ ስለሚሰማ ነው። እንዲህ ያድርጉ፦ የሚን ክር ከርዝመቱ ሩብ ላይ በጣት ጫፍ ሳይጫኑ ነክተው ይምቱ፤ የዶን ክር ደግሞ ከአንድ አምስተኛው ላይ። ክሩ 50 ሳ.ሜ. ከሆነ ቦታዎቹ ከጫፍ 12.5 እና 10 ሳ.ሜ. ናቸው። የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ድምፆች አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ሚን ያስተካክሉ።

ሥራውን የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱን ክር ሲወጥሩ ቀንበሩ በጥቂቱ ይጎብጣል፣ ክሮቹን የተሸከመው በርኩማም ቆዳውን ይጫናል፤ ስለዚህ አስቀድመው የቃኟቸው ክሮች ይላላሉ። ዙሩን ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ ግድ ነው። ሁለተኛ፣ በኃይል የተመታ ክር መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ቆይቶ ይወርዳል፤ ላላ ባለ ክር ላይ ይህ መዋዠቅ ከኮማ ሊበልጥ ይችላል፤ ሲቃኙ በለስላሳ ይምቱ። ሦስተኛው ያረጀ ክር ነው። መሐሉ ላይ ነክተው ሲመቱት የሚወጣው ድምፅ የባዶው ክር ትክክለኛ ኦክታቭ ካልሆነ ውፍረቱ ወጥ አይደለም፤ ቢቃኙትም ከማንም ጋር አይስማማምና ይቀይሩት።

የሐይቁም እርጥበት አለ። በክረምት ቆዳው ሲላላ በርኩማው ዝቅ ይላል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። 0.7 ሚሜ ናይሎን በ50 ሳ.ሜ. ርዝመት 240 ሄርዝ እንዲሰጥ 2.6 ኪሎ ገደማ ውጥረት ይፈልጋል፤ ከዚህ ላይ 65 ግራም ብቻ ሲቀንስ ድምፁ በአንድ ኮማ ይወርዳል። ቤት የተቃኘ ክራር ሐይቅ ዳር ሲወጣ ቅኝቱን ቢስት አይግረምዎ። መጨረሻ የሚቃኙት በሚጫወቱበት ቦታ፣ መሣሪያው አየሩን ከተላመደ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ በአንድ ሆቴል ማታ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ አብረውኝ ክራርና ማሲንቆ አሉ። ማስተካከያው ሁላችንም ትክክል ነን ይላል፤ ትዝታ ስንጫወት ግን የክራሩና የኪቦርዱ ሚ ይጋጫሉ። ማሲንቆው ግን ከሁለታችንም ጋር ይስማማል። ለምን?

መልስ፦ የኪቦርዱ ሚ ከዶ በ400 ሴንት ርቀት ላይ የተቸነከረ ነው። ንጹሁ ሚ 386፣ በአምስተኛ ተያይዞ የሚመጣው ደግሞ 408 ነው። ኪቦርዱ በሁለቱ መካከል ስለሚቀመጥ ክራሩ በየትኛውም መንገድ ቢቃኝ ከእርስዎ ጋር አይገናኝም፤ ወይ በ14 ሴንት ያንሳል ወይ በ8 ይበልጣል። ማስተካከያው «ትክክል» ያላችሁ ምናልባት የታየው አንድ ክር፣ ለምሳሌ ዶ፣ ብቻ ስለሆነ ነው።

ማሲንቆው የሚስማማው ቦታው ስላልተወሰነ ነው። አውታሩ 50 ሳ.ሜ. ቢሆን በሁለቱ ሚዎች መካከል ያለው የጣት ርቀት 5 ሚሜ አይሞላም፤ ጣቱን ትንሽ ገፋ ቢያደርግ ይደርስባቸዋል። ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች ይህን ሳያስብበት ያደርገዋል።

ሁለት መውጫ አለዎት። ቀላሉ ክራሩ እያንዳንዱን ክር ከኪቦርዱ ድምፅ ጋር አንድ ለአንድ እንዲቃኝ ማድረግ ነው። የክራሩ ውበት ትንሽ ይቀንሳል፣ ጠቡ ግን ይበርዳል። ባስ ጊታር ካለ ይህ ይሻላል፤ የጊታር ፍሬት እንደ ኪቦርዱ የተቸነከረ ነውና።

ሁለተኛው ኪቦርዱን ወደ ክራሩ ማምጣት ነው። ብዙ ኪቦርዶች፣ በተለይ ለአረብ ሙዚቃ የተዘጋጁት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት «ስኬል ቱን» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ገጽ አላቸው። ዶን 0 አድርገው ሬን +4፣ ሚን −14፣ ሶልን +2፣ ላን −16 ያስገቡ፤ ይህ ከላይ ለገራፊ ከመከርነው ቅኝት ጋር ይገጥማል። ክራሩ በአምስተኛ የተቃኘ ከሆነ ግን ሬ +4፣ ሚ +8፣ ሶል +2፣ ላ +6 ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ለአንድ ዶ ብቻ ነው። ዘፋኟ ድምፁን አንሡልኝ ብላ ትራንስፖዝ ሲጫኑ በአንዳንዱ ኪቦርድ ያስገቡት ቁጥር አብሮ ይሄዳል፣ በአንዳንዱ በቦታው ይቀራል። አዲሱን ዶና ሚ በረዥሙ ይዘው ያዳምጡ፤ በጣም ከተርገበገበ አልተከተለም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ትዝታ ቁጥሮቹን በአንድ አንድ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ መድረክ መውጣት ያዋጣል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ኮማን በጆሯቸው እንዲሰሟት የሚያደርግ፣ ከገበያ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ሙከራ ይኖራችኋል?

መልስ፦ አለን፤ ቁጥሮቹም በደንብ የሚገጥሙ ናቸው። ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ጣውላ፣ ለዓሣ መንጠቆ የሚሸጠው 0.7 ሚሜ ናይሎን፣ ምስማርና ሁለት ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ያዘጋጁ። ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይዘርጉ። የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ በምስማር ይታሰር፤ ሌላው ጫፍ በጣውላው ዳር ወርዶ ጀሪካን ያንጠልጥል። ከክሮቹ ሥር ሁለት ቀጭን የእንጨት ድጋፎች ያስገቡ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በትክክል 81 ሳ.ሜ. ይሁን።

እያንዳንዱ ጀሪካን ከነውሃው 2 ኪሎ ይመዝን። ክሩ 130 ሄርዝ አካባቢ ይሰጣል፤ ይህም ከፒያኖው መካከለኛ ዶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለው ዶ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ናይሎን ስለሚለጠጥ ለጥቂት ሰዓታት ተንጠልጥሎ ይቆይ። ከዚያ አንዱን ጀሪካን ውሃ እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ ሁለቱ ክሮች አንድ ድምፅ እስኪሆኑ ያመጣጥኑ።

አሁን በአንደኛው ጀሪካን ላይ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩ፤ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አምስት ጊዜ። የክር ድግግሞሽ ከውጥረቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ ድምፁ በ81 ለ 80 እንዲጨምር ውጥረቱ በዚያው ካሬ፣ ማለትም በ2.5 ከመቶ መጨመር አለበት። የ2 ኪሎ 2.5 ከመቶ 50 ግራም ነው። እያንዳንዱ ስሪንጅ ድምፁን በ4.3 ሴንት ከፍ ያደርጋል፤ አምስተኛው ሲገባ ኮማዋ ሙሉ ትሆናለች። ሁለቱን ክሮች አብረው ሲመቱ በሴኮንድ 1.6 ጊዜ ይርገበገባሉ። ድምፁ ቶሎ ስለሚከስም በ3 ሴኮንድ ውስጥ 5 ያህል መቁጠር ይበቃል።

ያንኑ በርዝመት ለማሳየት ጀሪካኖቹን መልሰው እኩል ያድርጉና በአንዱ ክር ሥር ተንቀሳቃሽ ድጋፍ ያስገቡ። ከ81 ሳ.ሜ. ውስጥ 80 ሲቀር ኮማ ራሷ ትሰማለች። 64.8 ሲቀር ንጹሁ ሚ፣ 64 ሲቀር በአምስተኛ የመጣው ሚ ነው፤ በመካከላቸው 8 ሚሜ አለ። 54 ላይ ሶል ነው። 48.6 እና 48 ሁለቱ ላዎች ናቸው። ሁለተኛውን ክር ሙሉ እየመቱ እነዚህን አንድ በአንድ ቢያነጻጽሩ ክፍሉ በሙሉ ልዩነቱን ይለያል።

ሙከራው ሲከሽፍ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ክሩ በድጋፉና በጣውላው ዳር ላይ ይያዝና የተጨመረው ውሃ ክብደት እስከ ወዲያኛው ጫፍ አይደርስም፤ ድምፁም ባለበት ይቀራል። ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሻማ ይቀቡት፤ ውሃ በጨመሩ ቁጥር ክሩን በጣት ሳብ ለቀቅ ያድርጉት። ተንቀሳቃሹ ድጋፍም ክሩን ሳይነካ አይለፍ፣ ነክቶም ወደ ላይ አይግፋው፤ ከገፋው ውጥረት ስለሚጨምር የለኩት ርዝመት ይዋሻል።

ጥያቄ፦ በአራት ድምፅ የሚዘምሩ መዘምራን እመራለሁ። ያለ መሣሪያ ስንዘምር አንዱ መዝሙር ላይ ብቻ እየወረድን እንሄዳለን፤ በሌሎቹ ላይ ደህና ነን። አዝማቹ የሚዞረው ዶ፣ ላ ማይነር፣ ሬ ማይነር፣ ሶል፣ ተመልሶ ዶ እያለ ነው።

መልስ፦ የኮርዶቹን (አብረው የሚሰሙትን የድምፅ ስብስቦች) ቅደም ተከተል ባይጽፉልን የትንፋሽ ጉዳይ ነው እንል ነበር። ይህ ዙር ግን ሁሉም በንጹህ ድምፅ ከዘመረ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ኮማ ያስወርዳል። ከዶ ወደ ላ ማይነር ሲሄዱ ላ 5 ለ 3 ላይ ይቀመጣል። ያ ላ ሳይንቀሳቀስ ወደ ሬ ማይነር ሲያልፉ ባሱ ሬን ከላ በንጹህ አምስተኛ ወርዶ ይይዛል፤ ያ ሬ 10 ለ 9 ነው፣ ከሶል በአራተኛ ወርዶ ከሚገኘው የ9 ለ 8 ሬ በኮማ ያነሰ። ሶል ከዚያ ሬ ተነሥቶ ሲመጣ 40 ለ 27 ይሆናል፣ ዶም 80 ለ 81። በ440 ሄርዝ የጀመረ ድምፅ ከአንድ ዙር በኋላ 434.6፣ ከአምስት ዙር በኋላ ከግማሽ ድምፅ በላይ ወርዷል። ማንም አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ጥሩ ጆሮ ያላቸው መዘምራን ናቸው በዚህ ወጥመድ የሚያዙት። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቤኔዴቲ እ.ኤ.አ. በ1585 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል።

በስልክ ቀድተው ያረጋግጡ። የመጀመሪያውንና የአምስተኛውን ዙር ዶ በማስተካከያ ይለኩ፤ ልዩነቱ ወደ 100 ሴንት ከሆነ ኮማዋ ናት። በጣም የሚበልጥ ወይም የሚዋዥቅ ከሆነ ትንፋሽና ድካምም ተጨምሯል።

መፍትሔው ያለው ከላ ማይነር ወደ ሬ ማይነር መሻገሪያው ላይ ነው። ላን የሚይዘው ድምፅ ኮርዱ ሲቀየር «ያው ነኝ» ብሎ እንዳይቀር፣ ከፍ እንዲል ይንገሩት፤ የሚያስፈልገው አንዲት ኮማ ብቻ ናት። ባሶቹም ሬን ከሚሰሙት ላ ሳይሆን ከሚመጣው ሶል ያስቡት። በልምምድ ጊዜ አንድ ሰው ሶልን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በረዥሙ ቢይዝ ሁለት ሦስት ልምምድ ይበቃል። ኪቦርድ ካስፈለገ ሙሉ ኮርድ አይምታላችሁ፤ ሶልን ብቻ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነኝ፣ ዋሽንት እሠራለሁ። ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ከክራር ጋር አይገጥምም። የቦታው ከፍታ ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ከፍታው አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊትም እፍጋቱም አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅ ፍጥነት አይለወጥም። የሚለውጠው ሙቀት ነው፦ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ገደማ። 7 ዲግሪ ሲሞቅ የዋሽንቱ ድምፅ በአንድ ኮማ ይወጣል። ትንፋሽዎ ዋሽንቱን ስለሚያሞቀው በተግባር ልዩነቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ለማስተካከል ከመለካትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይንፉት። የብረት ክር ያለው ክራር በሙቀት ስለሚላላ በተቃራኒው ይወርዳል፤ ልዩነቱን የሚያሰፋውም ይኸው ነው። የሚስተካከለው ክራሩ ነው እንጂ ዋሽንቱ አይነካ። አንድ ቀዳዳ ብቻ በኮማ ከፍ ካለብዎት ግን ከአፍ በኩል ያለውን የቀዳዳውን ጠርዝ በሰም ጥቂት በጥቂት ይሙሉት። ለሚቀጥለው ሥራ ቀዳዳውን ዝቅ አድርገው ይብሱ፤ ከመንፊያው እስከ ቀዳዳው 40 ሳ.ሜ. ያህል ከሆነ ኮማ ማለት 5 ሚሜ ነው።

ጥያቄ፦ የቱርክ ሙዚቀኞች አንድ ሙሉ ድምፅ ዘጠኝ ኮማ ነው ይላሉ። ያው ኮማ ነው?

መልስ፦ ቅርብ ነው እንጂ ያው አይደለም። እነሱ ኦክታቭን በ53 ይከፍላሉ፤ አንዱ 22.6 ሴንት ይሆናል። አሥራ ሁለት ንጹህ አምስተኛ ከሰባት ኦክታቭ ጋር ሲነጻጸር የሚተርፈው የፓይታጎረስ ኮማ ደግሞ 23.5 ሴንት ነው። የአረብ ሩብ ድምፅ 50 ሴንት አካባቢ ስለሆነ ከሁሉም ይርቃል።

ጥያቄ፦ ይህ ችግር በሁሉም ቅኝት ላይ አለ? አምባሰልና አንቺሆዬ ስቃኝ እንዲህ አይቸግረኝም።

መልስ፦ ጥሩ ታዝበዋል። ኮማ የምትመጣው በቅኝቱ ውስጥ አራት አምስተኛዎች ተያይዘው ሲገኙ ነው። ከተለመዱት ቅኝቶች ይህ ያላቸው ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ብቻ ናቸው። ባቲ ማይነር ላይ ዶ 240፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሚ) 288፣ ፋ 320፣ ሶል 360 ካደረጉ በኋላ ሲ ፍላት ሁለት ቦታ ይፈልጋል፦ ከሚ ፍላት ጋር 432፣ ከፋ ጋር 426.7። ልዩነታቸው 81 ለ 80 ነው። ዜማው ከየትኛው ጋር አብልጦ እንደሚሄድ አይተው አንዱን ይምረጡ።

ሌሎቹ ሰንሰለቱ የተቆረጠ ስለሆነ ሁሉንም ጥንድ ንጹህ አድርጎ መቃኘት ይቻላል። አምባሰል፦ 240፣ 256፣ 320፣ 360፣ 384። ባቲ ሜጀር፦ 240፣ 300፣ 320፣ 360፣ 450። ትዝታ ማይነር፦ 240፣ 270፣ 288፣ 360፣ 384። አንቺሆዬ፦ 240፣ 256፣ 320፣ 341.3፣ 400። አንቺሆዬን ሲቃኙ ፋን ከዶ በአራተኛ፣ ላን ከፋ በሦስተኛ፣ ሬ ፍላትን ከፋ በሦስተኛ ወርደው፣ ሶል ፍላትን ከሬ ፍላት በአራተኛ ወጥተው ያግኙ። እነዚህ ቁጥሮች ክሮቹ አብረው ሲመቱ የማይጋጩበትን ቦታ ያሳያሉ እንጂ ቅኝቱን አይደነግጉም። በተለይ የአንቺሆዬን ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ነባር ደርዳሪዎች በየራሳቸው ጆሮ ከዚህ ከፍም ዝቅም ያደርጓቸዋል፤ መምህርዎ የሚይዝበት ቦታ ከእኛ ቁጥር ከተለየ የመምህርዎን ይያዙ።